የአዝማሪ ሁለተኛ ሙያ

በናይሮቢ ከተማ ኪሌሌሽዋ በሚባለው ሰፈር ብዙዎቹ መንገዶች የኬንያ ከተሞችንና አውራጃዎችን ስም ይዘዋል። አንደኛው መንገድ በኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ ባለችው ከተማ ስም ማንዴራ ተብሏል። ሰፈሩ ራሱ ስሙን ያገኘው ማሳዮች ሌሌሽዋ ከሚሉት፣ ቅጠሉ አመዳማ፣ ሽታው ደስ ከሚል ቁጥቋጦ ነው። ዛሬ ቁጥቋጦውን ፈልጎ ማግኘት ያዳግታል፤ ሰፋፊ ግቢ የነበራቸው የድሮ ቪላዎች እየፈረሱ ቦታቸውን ለፎቅ ቤቶች ለቀዋል። ከእነዚህ ፎቆች በአንዱ፣ አራተኛው ወለል ላይ፣ አንድ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ይኖራል እንበል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር የምግብ ጠረጴዛውን ከብባ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት፣ እርሳስና ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ተበትኗል። ግድግዳው ላይ ክራር ተሰቅሏል። እናት ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ምን እንደሚጫወቱ ትጠይቃለች።

«እኔ ባርድ ነኝ፣ እማዬ።»

«ባርድ ደግሞ ምንድን ነው?»

ልጅቱ ጥቂት ታስብና «አዝማሪ» ብላ ትተረጉማለች። እናት ቅር ይላታል።

ትርጉሙ ስሕተት የለበትም። ባርድ የሚለው ቃል ከኬልት ሕዝቦች የመጣ ነው፤ በእነርሱም ዘንድ ባለ ቅኔ ይከበር ነበር፣ ይፈራም ነበር። በአየርላንድ አፈ ታሪክ የባለ ቅኔው ስድብ በንጉሥ ፊት ላይ እባጭ ያወጣል ይባላል። አዝማሪ የሚለው የእኛ ቃል ግን ሌላ ሸክም አለበት። ሥሩ ዘመረ ነው፤ መዝሙርም መዘምራንም ከዚያው ሥር በቅለዋል። አንደኛው ቅርንጫፍ ቤተ መቅደስ ገባ፣ ሌላኛው ጠጅ ቤት ቀረ። ሰርግ ያለ አዝማሪ አይደምቅም፤ የሰርጉ ባለቤት ግን ልጁን ለአዝማሪ ልጅ ለመዳር ሲያመነታ ኖሯል። እናት ቅር የተሰኘችው ይህንን ሁሉ በአንድ ቃል ስለ ሰማች ነው። ልጅቱ ደግሞ ከዚህ ውስጥ አንዱንም አልሰማችም፤ እርሷ የምታውቀው ባርድ በዘፈኑ ወዳጆቹን የሚያበረታታ፣ ጠላቱን በስላቅ ብቻ የሚያቆስል ጀግና ነው።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። አንደኛው ተጫዋች መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይናገራሉ። ነገሩ ይሳካ ወይም አይሳካ እንደሆነ በሚያጠራጥርበት ጊዜ ዳይስ ይወረወራል። ገጸ ባሕርያቱ ሙያ አላቸው፤ ተዋጊ፣ ሌባ፣ ካህን፣ አስማተኛ፣ አዝማሪ እየተባሉ ይመደባሉ። ልምድ ባካበቱ ቁጥር ከደረጃ ወደ ደረጃ ይወጣሉ፤ መጨረሻው ሃያኛ ደረጃ ነው። እዚህ ላይ ነው የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚነሣው። አዲስ ደረጃ በተገኘ ቁጥር ተጫዋቹ በጀመረው ሙያ ሊገፋ ይችላል፤ ወይም ከሌላ ሙያ አንድ ደረጃ ወስዶ ሊደርብ ይችላል። አዝማሪው ጥቂት ተዋጊነት፣ ጥቂት ሌብነት ሊቀላቅል ይፈቀድለታል። ሂሳቡ ግን ምሕረት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ ዕትም አዝማሪው የጥበቡን የመጨረሻ ምሥጢር የሚማረው በአዝማሪነት አሥራ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። ሦስት ደረጃ ለሌላ ሙያ የሰጠ በጭንቅ ይደርሳል፤ አራት የሰጠ በጭራሽ አይደርስም።

የልጅቱ ጓደኞች እየወተወቷት ነው። ጓዶቻቸው በየጦርነቱ እየወደቁ ስለሆነ ከፓላዲን ሙያ ሦስት ደረጃ እንድትወስድ ይፈልጋሉ። ፓላዲን መሐላ የፈጸመ፣ ሰይፍ የታጠቀ፣ ለመሐላው የሚኖር ሰው ነው። አዝማሪውም ፓላዲኑም ኃይላቸውን ከግርማ ሞገስ ስለሚያገኙ ሁለቱን ማጋባት በተጫዋቾች ዘንድ የተወደደ ነው። ልጅቱ አመንትታለች። በዚያው ሳምንት እናቷ ሌላ ነገር ስትወተውታት ነበረች፤ መጀመሪያ ሲ.ፒ.ኤ.ሽን ያዢ፣ የሒሳብ ባለሙያ ሁኚ፣ ክራሩ የትም አይሄድም።

የእናትን ምክር የጨዋታው የድሮ ደንብ አንድ ጊዜ ቃል በቃል ሊባል በሚችል ሁኔታ ደንግጎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ አዝማሪ ሆኖ መጀመር አይቻልም። ሰውየው አስቀድሞ ተዋጊ ሆኖ ቢያንስ አምስተኛ ደረጃ መድረስ አለበት። ስምንተኛ ሳይደርስ ሰይፉን ትቶ ሌባ ይሆናል። በሌብነቱም ከአምስተኛ እስከ ዘጠነኛ ባለው ደረጃ መካከል ያቆምና ድሩይድ ከተባሉት የጫካ ካህናት ዘንድ ገብቶ ይማራል። አዝማሪ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። መስፈርቱም እጅግ ጥብቅ ነበር፤ ከስድስቱ የተፈጥሮ ችሎታዎች አራቱ ቢያንስ አሥራ አምስት መሆን ነበረባቸው፤ ሦስት ዳይስ ሲወረወር ደግሞ አማካዩ ከአሥር ተኩል አይበልጥም። ደንቡ የተጻፈው በመጽሐፉ መጨረሻ፣ በአባሪ ውስጥ ነው።

ይህ ደንብ ቢያስቅም ከጀርባው የቆመው እምነት አያስቅም። ያልኖረ አይዘፍንም ይላል። ሰይፍ ያልጨበጠ ስለ ጦርነት፣ በጨለማ ያልሾለከ ስለ ፍርሃት ምን ይዘፍናል? ስደተኛ ወላጅም በሌላ ቋንቋ ይህንኑ ይላል። ነገር ግን የደንቡ ጉድለትም እዚያው ይታያል፤ ለመዝፈን የሚያበቃውን መንገድ እያረዘሙ ሲሄዱ ተጓዡ በመንገድ ላይ ያልቃል። በኪሌሌሽዋና በኪሊማኒ ስንት የተሰቀለ ክራር ባለቤቱን እየጠበቀ እንደሆነ የቆጠረ የለም።

ሁለተኛው ደንብ ከዚህ የጠለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛ ዕትም አዝማሪነትን ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ ለማንም ፈቀደ፤ ሙያ መደረብንም ቀላል አደረገው። አንድ ክልከላ ግን አስቀመጠ፤ አዝማሪ የሥርዓት ሰው ሊሆን አይችልም። በጨዋታው ቋንቋ የሥርዓት ሰው ማለት ሕግን፣ ማዕረግን፣ ትእዛዝን የሕይወቱ መሠረት ያደረገ ነው። አዝማሪ ሆኖ ከቆየ በኋላ ወደ ሥርዓት ሰውነት የተለወጠ ደግሞ የሚያውቀውን አያጣም፤ እስካሁን የተማረው ዜማ ሁሉ ከእርሱ ጋር ይቀራል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ በአዝማሪነት አንድ ደረጃ እንኳ አያድግም። በዚያን ዘመን የነበረው ፓላዲን የግድ የሥርዓት ሰው ስለነበረ፣ የልጅቱ ጓደኞች ዛሬ የሚመክሯት ጋብቻ ያን ጊዜ አዝማሪውን ባለበት ያስቆመው ነበር። የኋለኞቹ ዕትሞች ክልከላውን አንሥተውታል። ለጨዋታው ምቹ ሆኗል፤ አንድ እውነት ግን አብሮ ተነሥቷል።

ያንን እውነት ለማየት ከመጽሐፉ ይልቅ አዝማሪ ቤት መግባት ይሻላል። እንግዳው ጠጁን ይዞ «ተቀበል!» ይላል። ግጥሙን ራሱ ይደረድራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆ ያዜመዋል። ግጥሙ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ባለ ሥልጣን የሚነካ ነው እንበል። የሰደበው ማን ነው? ግጥሙን የሰጠው እንግዳ አልዘፈነም። የዘፈነው አዝማሪ ደግሞ የተቀበለውን ነው ያለው። ስድቡ በሁለት ሰው መካከል ተከፍሎ ባለቤት አልባ ሆነ። ባለ ሥልጣኑም አብሮ ከመሣቅ በስተቀር ምርጫ የለውም፤ ካልሣቀ ወርቁ እንደገባው ይታወቅበታል፣ ከገባው ደግሞ ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው። ይህ የረቀቀ ሥርዓት ነው። አንድ ኅብረተሰብ በግልጥ ሊናገረው የማይደፍረውን ነገር ለመስማት ያበጀው መስኮት ነው። ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር የሚባለውም ከዚሁ ዓይነት ብልሃት ነው።

መስኮቱ የሚቆመው ግን በአንድ ነገር ላይ ነው፤ አዝማሪው ሌላ ምንም ስላልሆነ ነው። ሹመት አይፈልግም፣ ጦር አያዝዝም፣ የማንም ወራሽ አይደለም። ቃሉ ወደ ሥልጣን የሚወጣበት መሰላል ስላልሆነ ቃል ብቻ ሆኖ ይሰማል። ንቀቱና ነጻነቱ የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጾች ናቸው። እርግጥ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ምርጫም አልነበረውም። በጨዋታው ወረቀት ላይ ሙያ በእርሳስ ይጻፋል፤ በአገር ቤት ግን ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና አዝማሪው ሙያቸውን ከነንቀቱ ከወላጅ ሲወርሱ ኖረዋል። ንጋት ላይ በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበላዎችማ ዜማውን ካቆሙ ቁምጥና ይይዛቸዋል ተብሎ ይታመን ነበር። እንዲህ ላለ ሰው «ሙያ ትደርባለህ ወይስ በያዝኸው ትቀጥላለህ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ቅንጦት ነው።

በጠላት ዘመን ይህ መስኮት ተሰበረ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ የተፈጸመው ጭፍጨፋ ይታወቃል። በቀጣዩ ወር ደግሞ ግራዚያኒ ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና እየዞሩ በዜማ የሚተርኩ ሰዎች ለጸጥታ አደገኞች ናቸው ብሎ እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ፤ ይህንኑም በቴሌግራም ወደ ሮም አሳወቀ። ማሲንቆ እንደ ጠመንጃ ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ አርበኛውን ተከትሎ ጫካ የገባ፣ ከማሲንቆው ጋር ጠመንጃ ያነገተ አዝማሪ ቢኖር ጥበቡን ከዳ ሊባል አይችልም። የነጻነት ውሉን ያፈረሰው ሌላው ወገን ነው። መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ ግዴታ አይሆንም።

ሌላው ምሳሌ ከዚህ የበለጠ ያከራክራል። ጥላሁን ገሠሠ ከአገር ፍቅር ቴአትር ወደ ክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ሲዛወር ከመድረኩ ጋር ጦር ሠራዊቱንም ወሰደ፤ ወይም ጦር ሠራዊቱ እርሱን ወሰደው። በዚያን ዘመን ምርጥ የሙዚቃ መሣሪያና ምርጥ ተጫዋች የሚገኘው በሠራዊቱና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ስለነበር ውሳኔው ለሙዚቃው ትርፍ እንጂ ኪሳራ አልነበረም። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ላይ ግን የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ፤ ድምፃዊውም ከታሠሩት አንዱ ሆነ። ሙያ የደረበ ሰው የሙያውን ጥቅም ብቻ መርጦ መውሰድ አይችልም። ጨዋታው ይህንን ዋጋ አስቀድሞ በቁጥር ይነግራል፤ ሕይወት የምትነግረው ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ታዲያ መደረብ ሁሉ አንድ ነው? አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 መኪና መንዳትና መጠገን ሊማር ወደ ጀርመን ተላከ፤ እዚያም ሳለ ድምፁን በሸክላ አስቀረጸ። ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላዎች መካከል እነዚህ ይገኛሉ። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ ደግሞ የነጋዴዎች አለቃ ማዕረግ ነው። ባለ ቅኔ፣ መካኒክ፣ ሹም። (ልጁ ይድነቃቸው ተሰማም ከአባቱ የወረሰው ይህንኑ ይመስላል፤ ተጫዋችም፣ አሠልጣኝም፣ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር።) አስናቀች ወርቁ ክራሯን ሳትጥል የቴአትር ተዋናይት ሆነች፤ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር በሚባልበት ዘመን። እዚሁ ኬንያ፣ የሉዎን ኛቲቲ ለዓለም ያሰማው አዩብ ኦጋዳ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው «አውት ኦፍ አፍሪካ» ፊልም ላይ ተውኗል። መሪ ወይም የትወና መድረክ የሙዚቀኛን ጊዜ ይወስዳል፤ አንደበቱን ግን አይወስድም። ሰይፍና ማኅተም የሚወስዱት ሌላ ነገር ነው። ከሥልጣን ጋር የተደረበ ዘፈን፣ ዜማው ምንም ቢያምር፣ አድማጩ «ይህ ለማን ብሎ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርጋል። አንድ ጊዜ ይህ ጥያቄ ከተነሣ «ተቀበል» ማለት ያበቃል።

እናት ይህንን ብትሰማ ፈገግ ብላ «ልጄ ሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ሚኒስትር ትሁን አላልሁ» ትል ይሆናል። ክርክሯ ደካማ አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉም የጠነከረው የእርሷ ነው። አዝማሪው ነጻ ነበር የሚለው ወግ ግማሹን ይደብቃል። የሚበላው ከሽልማት ነበር። ብር ግንባሩ ላይ የለጠፈለትን ሰው አንበሳ ነብር እያለ ሲያወድስ ያመሸ አዝማሪ ሥልጣን አላሠረውም፤ ረሀብ ግን አሥሮታል። ለኑሮዋ በሌላ ሥራ የምትተዳደር ሴት ግን ማንንም ሳታወድስ ልትዘፍን ትችላለች። በዚህ ሚዛን ሁለተኛው ሙያ ከመጀመሪያው የሚቀንስ ሳይሆን መጀመሪያውን ከውርደት የሚያወጣ ነው። ስደት ላይ ያለ ሰው ይህንን ያለ መምህር ያውቀዋል፤ የቤት ኪራይ በየወሩ ይጠይቃል፣ የሥራ ፈቃድ በየጊዜው ይታደሳል፣ ሁለቱም ሽለላና ቀረርቶ አይቀበሉም።

እንዲህም ሆኖ አንድ ነገር ይቀራል። የሒሳብ ባለሙያ ምሥጢር ትጠብቃለች። የአንድ ድርጅት ሒሳብ እጇ ገብቶ እንደ ተበላ ብታይ፣ ማየቷ የሙያዋ ነው፤ መዝፈኗ ግን የሙያዋ ክሕደት ነው። ምሥጢሩን ማንም ያላወቀ አዝማሪ ቢሆን ኖሮ በሰምና ወርቅ ጠቅልሎ ይለቀው ነበር። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሁለተኛው ሙያ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ብቻ አይደለም፤ ስለ ምን ዝም እንደሚያሰኝ ነው። ዝም የሚያሰኘው ልትዘፍነው ስለማትፈልገው ነገር ከሆነ ዋጋው ትንሽ ነው። ልትዘፍነው ስለተፈጠረችበት ነገር ከሆነ ግን አሥራ ሰባተኛውን ደረጃ ከመጀመሪያው ሸጣዋለች፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ምንም ቢል።

ይህን ማንም ስለ ሌላው ሊወስንለት አይችልም። ጓደኞችም ቢሆኑ ሰይፍ የሚያስፈልጋቸው ስለሆኑ ሰይፍ ይመክራሉ፤ እናት የእንጀራ ጭንቀት ስለምታውቅ እንጀራ ትመክራለች። ሁለቱም ልጅቱን ይወዳሉ።

ጠረጴዛው ላይ ጨዋታው ቆሟል። የጨዋታው መሪ መጽሐፉን ገልጦ የፓላዲኑን መሐላ ለልጅቱ ያነብብላታል፤ በመሐላው ውስጥ ከተዘረዘሩት ግዴታዎች የመጀመሪያው አለመዋሸትና አለማታለል ነው። እናት የቡና ረከቦቱን እያስተካከለች ትሰማለች።

«ቆይ» ትላለች። «ይሄ የማለው ሰው ቅኔ መቀኘት ይፈቀድለታል?»

መሪው የኬንያ ልጅ ነው፤ ቅኔ ምን እንደሆነ አያውቅም። ልጅቱ ታስረዳዋለች፤ አንድ ነገር ብለህ ሌላ ነገር ማለት፣ ላዩ ሰም ውስጡ ወርቅ፣ ሰሚው ሰሙን ብቻ ይዞ ቢሄድ ተናጋሪው አላረመውም ማለት ነው። መሪው ያስባል። ማታለል ነው ይላል። አንደኛዋ ጓደኛ አይደለም ትላለች፤ ወርቁ እዚያው በግልጥ ተቀምጦ ሳለ ማን ተታለለ? ክርክሩ ይነሣል። መሪው ገጾቹን እያገላበጠ ደንብ ይፈልጋል፤ ሦስቱም መጻሕፍት ውስጥ አያገኝም። እናት ረከቦቱን ትታ ወንበር ትስባለች፣ ከእነርሱም መካከል ትቀመጣለች፤ ክርክሩም ቡናው እስኪቀርብ ድረስ ይቀጥላል።